ብረት አጥጋቢው ገብረወልድ

ዕቃችሁን ተቀብሎ «ነገ ኑ» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ልብስ ሰፊ ይሁን ሰዓት ጠጋኝ፣ ነገ የምትባለውን ቀን የፈጠራት እሱ ራሱ ይመስለዋል። አዳማ ውስጥ የዚህ ወገን አለቃ ከግድግዳዬ ማዶ ያሉት ክቡር ሊቀ ብረት ገብረወልድ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቀበሌ ከሰማ ይነጥቃቸው ይሆናል።

ሊቀ ብረት እንዲያውም «ነገ» አይሉም። ነገ ቀን አለው፤ ሰው ይዞ ይከራከርበታል። እሳቸው የሚሉት «ገና ነው» ብቻ ነው። የዕድር ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲባል «ገና ነው»። ድግስ ላይ ወጥ ሲጨለፍላቸው «ገና ነው»። አንድ ጊዜ ጎረቤት ስንቀብር፣ ሣጥኑ ሊወርድ ሲል ገመዱን ጎተት ጎተት አድርገው «ገና ነው» ስላሉ ቄሱ ጸሎቱን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ገመዱ ግን እውነትም ላልቶ ነበር።

ሥራቸው የመኪናና የወፍጮ ብረቶችን ቆዳ ማጠንከር ነው። ቶርኖ ቤት የተቀረጸውን ብረት የብረት ሣጥን ውስጥ ይከቱታል፤ ዙሪያውን የከሰል ዱቄትና የተቃጠለ የከብት ሰኮና ይሞላሉ፤ ክዳኑን በጭቃ ይመርጋሉ፤ ከዚያ ሙሉ ቀን እሳት ላይ ነው። ብረቱ ቀልቶ ከሰሉን በቆዳው ቀስ እያለ ይበላዋል ይላሉ። ጠግቦ ሲወጣ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ ላዩ ሞረድ የማይነካው ይሆናል፤ ውስጡ ግን ገር እንደሆነ ይቀራል፤ መንገድ ላይ ጉድጓድ ቢመታው ይችላል። ለዚህ ሲሉ ከየሥጋ ቤቱ ሰኮና ይለቅማሉ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ከኋላቸው ተሰልፎ ሲመጣ ሹም ከነአጃቢው የገባ ይመስላል። ስለ ሽታው አልናገርም፤ ያሰጣሁትን ልብስ መልሼ ያጠብኩበት ቀን ብዙ ነው።

ዙለይካ የምትባል ባለወፍጮ ለአንድ ዘንግ ከቡልቡላ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። በሦስተኛው ምድጃው ፊት ቁጭ አለች።

«ኦቦ ገብረወልድ፣ ዛሬስ?»

«ገና ነው። እየበላ ነው።»

«ምን ዓይነት ሆድ ነው ያለው? ሰባት ልጅ ሳሳድግ እንዲህ የሚበላ አላየሁም።»

«ልጆችሽ እህል ይበላሉ እንጂ እህል አይፈጩም።»

«እሱ እስኪጠግብ እኔ በረሃብ እሞታለሁ። ያኔ ዘንጉን መቃብሬ ላይ ትከሉት።»

«ለሱም ቢሆን ሳይጠግብ አይወጣም» አሉ ሊቀ ብረት፤ ፈገግም አላሉ።

እሳቱ ዓይናቸውን አድክሞታል። እኔ ደግሞ በስልሳ ሁለት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ስለቆጠርኩ፣ የባለቤቱን ስምና ሣጥኑ እሳት የገባበትን ሰዓት ግድግዳው ላይ በጠመኔ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ «መርጋ ጀቤሳ» ብዬ ጻፍኩ። መርጋ የልጄ ልጅ ነው፤ አይሱዙ ይነዳል። የፊት ጎማውን የሚይዘው ወፍራም ብረት፣ ሹፌሮች ፐርኖ የሚሉት፣ ተበልቶበት ነበር።

የአባቱ ስም ላይ ስደርስ እጄ ዘገየ። ጀቤሳ ልጄ ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ቡልቡላ አጠገብ የሚነዳው መኪና ፐርኖ ተሰብሮ ጎማው ታጠፈ፤ እሱና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ። ያን ፐርኖ የሠሩት ገብረወልድ ናቸው። ብረቱ ከሰል ሣጥን አልገባም ነበር። ከአሮጌ መኪና ዘንግ ተቆርጦ፣ እንዲሁ እሳት ላይ ግሎ፣ ውሃ ተነክሮ በአንድ ሰዓት የወጣ ብረት ነው። ሞረድ አልነካውም፤ ግን እስከ ልቡ ድረስ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ሆኖ ነበር።

ይህን መርጋም ያውቃል፤ ሰፈሩም ያውቃል። ሌላ ጋ ልሂድ ሲል አልቅሼ እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት መጣ። ባቱ ማሳ ላይ ቲማቲም ተለቅሞ ይጠብቀዋል። ሊቀ ብረት ፐርኖውን ከዘይት አውጥተው ለዘብ ያለ እሳት ዳር አስቀምጠውት ነበር፤ ከድንጋጤው እንዲረጋ አንድ ቀን መሞቅ አለበት ይላሉ።

«ጋሼ፣ ጠንክሯል አይደል?»

«ጠንክሯል።»

«ታዲያ ይስጡኝ።»

«ገና ነው።»

«ቲማቲም ገና ነው አያውቅም። ታች ሰፈር ያለው ሰውዬ በአንድ ሰዓት ያወጣልኛል።»

«ያወጣልሃል።»

«የአባቴንስ እርስዎ በስንት ሰዓት ነው ያወጡት? ያኔ ያልነበረ ጥንቃቄ ዛሬ ከየት መጣ?»

ገብረወልድ ጉጠታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራሳቸውን አልተከላከሉም። በጀቤሳ ለቅሶ ሦስት ቀን ድንኳኑ ጥግ ሲቀመጡ፣ ወንድሞቼ ፊታቸው ላይ ሊተፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ እሳቸው ከቦታቸው አልተነሡም። ደንበኛ ሸሽቷቸው ምድጃቸው ዓመት ሙሉ ሲቀዘቅዝም በማንም አላሳበቡም።

መርጋ ወደ እኔ ወደ አያቱ ዞረ። «አኮ፣ አንቺ ንገሪያቸው። አንቺን እምቢ አይሉም።»

እውነቱን ነው፤ አይሉም።

«አንድ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ» አልኩት። «የአክስትህ ሠርግ እሑድ ነበር። የወጡን ሽንኩርት አባትህ ከቡልቡላ ያመጣል ተብሏል። ዓርብ ዕለት ስለ ፐርኖው እዚህ መጣሁ፤ ገና ነው አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሣጥኑ ይቅር፣ እናት እምቢ አትባልም አልኳቸው። ያስቸኮልኳቸው እኔ ነኝ፣ መርጋ።»

«አዴ ቡዜ፣ ይተዉት» አሉ ገብረወልድ። «እናት ትለምናለች። እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ልጁ አየኝ። ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ ዳግመኛም እንዲያየኝ አልፈልግም። ከዚያ ወጣ። ታች ሰፈር ሄደ ብዬ ልከተለው ተነሣሁ። ከደጅ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ቲማቲሙን ለሌላ መኪና ስጡት እያለ ነበር።

ጎረቤቶች ያን የሚሸት፣ ቀርፋፋ ሰው ምን ብለሽ ትወጃለሽ ይሉኛል። የእኔን ድርሻ በራሳቸው ላይ ደርበው፣ አሥራ አንድ ዓመት ከግድግዳዬ ማዶ ተሸክመው ኖሩ። አንድ ቀን እንኳ ያዙልኝ አላሉኝም። እንዴት አልወዳቸው?

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መርጋ ቆሞ እያየ፣ ፐርኖውን ከእሳቱ ዳር አነሡት። ሞረድ አሳለፉበት፤ ተንሸራተተ። ለመርጋ ይሰጡታል ስል ወደ እኔ ዘረጉት።

«እርስዎ ይስጡት» አሉ።

ተቀበልኩት። ሙቀቱ አልወጣለትም፤ ከባድ ነው። መርጋ እጁን ዘርግቶ ፊቴ ቆሟል፤ ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም። ለመስጠት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለቱም አላስቸኮሉኝም።