እትዬ ሞለኪውልና የእኔ በረኪና

ጡረታ የወጣ አስተማሪ የሌለበት ግቢ የለም። ሁሉም ጡረታ የሚወጡት ከትምህርት ቤት ነው እንጂ ከማስተማር አይደለም። ለእኛ ግቢ የደረሱን የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ናቸው፤ ክብርት እትዬ ሞለኪውል። ስሙን ያወጣሁላቸው ላበሽቃቸው ብዬ ነበር። ሲሰሙት ግን ደስ አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ስም ካልተጠሩ አቤት አይሉም።

የግቢው በር ቢዝግ፣ ወተት ቢቋጠር፣ ልብስ ቢለቅ፣ እትዬ ሞለኪውል ብቅ ይላሉ። «ምን ሆነ አትበል፤ ምን ከምን ተገናኘ በል!»

አንድ ጠዋት ቃር ይዞኝ ደረቴን እያሻሸሁ የቃር ክኒን ልለምናቸው በራቸውን አንኳኳሁ። ክኒኑን በእጃቸው እንደያዙ «አሲድ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሚያቃጥል ነገር።»

«እሳትም ያቃጥላል» አሉና ከሃይድሮጅን ጀመሩ። ቤዝ አሲድን እንዴት እንደሚያበርደው እስኪደርሱ ቃሬ በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ፤ ተሰላችቶ መሰለኝ።

ከባለቤቴ ጋር ስንኮራረፍም ሽማግሌያችን እሳቸው ናቸው። «አተሞች የሚተሳሰሩት በሁለት መንገድ ነው» አሉን አንዴ። «በአዮኒክ አንዱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሌላው ይወስዳል። በኮቫለንት ግን ይጋራሉ። የእናንተ የቱ ነው?»

«ኮቫለንት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«አዎ፣ ሳህን ሲታጠብ ግን ኤሌክትሮኑን ይዞ ይጠፋል» አለች ባለቤቴ።

አማቴ ሊመጡ ሆነ። ባለቤቴ ልትቀበላቸው ስትወጣ፣ መታጠቢያ ቤቱን እኔ እንደማጸዳ በኩራት ቃል ገባሁ። ወለሉ ላይ በረኪና ደፋሁ። አሁንም የልቤን አላደረሰልኝም። የሽንት ቤት ማጽጃውን አሲድ አየሁት። በረኪናው ጎበዝ ነው፣ አሲዱም ጎበዝ ነው፤ ሁለቱ ቢተባበሩ አማቴ መልካቸውን ወለሉ ላይ ያዩታል አልኩና ጨመርኩበት።

ጉሮሮዬ እንደ ታነቀ ሰው ተዘጋ። ዓይኔ ነደደ። በሩ የት እንዳለ ጠፋኝ፤ ያቺን በምታህል ጠባብ ክፍል ውስጥ!

እትዬ ሞለኪውል ልብስ ሊያሰጡ ሲያልፉ ሽታው ደረሳቸው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ገቡና በኮሌታዬ ያዙኝ። «ትንፋሽህን ያዝ! ውጣ!» ጎትተው ነፋስ ላይ አስቀመጡኝ፣ ዓይኔን በውሃ አጠቡኝ፣ ማንም እንዳይገባ ጮኹ፣ ታክሲ አስቆሙ።

ሐኪሙ ምን እንደነካኝ ሲጠይቅ፣ አሁን ከሃይድሮጅን ሊጀምሩ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በረኪናና አሲድ ቀላቅሎ፤ ክሎሪን ጋዝ ነው» አሉ። በቃ። እንዲህ አሳጥረው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ከጋዙ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ሐኪሞቹ ኦክስጅን ሰጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ተከታትለው ወደ ቤት ሰደዱኝ። ሳል ብቻ ተረፈኝ። እትዬ ሞለኪውል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በራቸውን ዘጉ። ወተት ተቋጠረ፣ የሚያስረዳ ጠፋ። ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ እነሆ መጣልኝ፤ ሊያሳብደኝ ደረሰ። አንድ ረፋድ ላይ ሄጄ አንኳኳሁ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ ኤሌክትሮን ስለፈልፍባችሁ ኖርኩ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በረኪናን ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ ማለት ግን አቃተኝ። ብትሞትስ? አስተማሪ ነኝ እላለሁ ደግሞ!»

«ኧረ ነግረውኛል እትዬ! እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

አልነገሩኝም። እኔ የማልሰማ ሰው ለመሆኔ ግን ማስረጃ አላስፈለጋቸውም፤ ወዲያው አመኑ። ፊታቸው ሲፈካ አየሁት።

«ነግሬሃለሁ?»

«በደንብ አድርገው!»

«እስቲ ለምንድን ነው የማይቀላቀሉት አልኩህ?»

ጭንቅላቴን አከክሁ። እሳቸው ወንበር ስበው ሰጡኝ፤ «ከመጀመሪያው እንነሳ። አተም ማለት…»

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ባለቤቴ ከወዲያ ተጣራች። «ኧረ ምሳው ቀዘቀዘ!»

«ብሉ፣ አትጠብቁኝ!» አልኳት ከወንበሬ ሳልነሳ። «ገና ውሃ ጋ አልደረስንም!»