የጋሽ ጩማ ውስጥ እግር

በየሰፈሩ ታሞ የማያውቅ አንድ በሽተኛ አለ። ቢያነክስም ደህና ነው፤ ቢያተኩሰውም ደህና ነው። ቢሞት እንኳ ቀባሪዎቹ እንዳይጨነቁ ከሳጥኑ ውስጥ «ደህና ነኝ፣ እናንተ ግቡ» ማለቱ አይቀርም።

የእኛ የሶዶዎቹ ተወካይ፣ ከእርሻ ቢሮ ግምጃ ቤት በጡረታ የተሰናበቱት ጎረቤቴ ክቡር ጋሽ ጩማ ናቸው። በወላይትኛ ቢጠይቋቸው «ሳሮ»፣ በአማርኛ ቢጠይቋቸው «ተመስገን»። በቀበሌ ግምገማ ሁላችንም ድክመታችንን ዘርዝረን ስንጨርስ ተራቸው ደረሰ። ተነሡ፣ «እኔ ደህና ነኝ» ብለው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን እንዳነሣ ቀረ።

ስኳር ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ እሷ ሲጠየቁ «እሷም ደህና ናት» ይላሉ።

እኔ ግን ካለፈው ወር ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ክፍል ቁልፍ በእጃቸው ነበርና ጠፋ ተብሎ ቤት ጓሮውን በረበርን። እሳቸው ያን ቀን ጉኑኖ ከተማ ለቅሶ ደርሰው መመለሳቸው ነው። ጫማቸውን ሲያወልቁ ቁልፉ ዱብ አለ። ለካ ጠዋት ከሚስማሩ ወድቆ ጫማው ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ ቀኑን ሙሉ ረግጠውት ውለዋል። የቀኝ ተረከዛቸው ላይ ጥርሱ አንድ ባንድ ታትሞ ደምቷል።

«ተገኘ፣ ተመስገን» አሉ።

በነጋታው እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሲስተር ሩት ዓይናቸውን አስጨፍና፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር በመሰለች ቀጭን ናይለን የእግር ጣታቸውን ጫን አደረገች።

«ተሰማዎት አባባ?»

«ተመስገን።»

«እዚህስ?»

«በደንብ እንጂ!»

ልቤ መለስ አለ። ሲስተር ሩት ግን ክሯን ኪሷ ከተተችና እጇን አጣጠፈች። «አሁንስ?»

«ይሰማኛል ልጄ።»

ኪሷን አየሁ፤ ክሩ እዚያው ነው።

«አባባ፣ አሁን አልነካሁዎትም» አለች በቀስታ። «የማይሰማ እግር ሲቆስል ማን ይነግርዎታል? ሳያውቁት ሰንብተው እግራቸውን ያጡ አሉ።»

ክቡርነታቸው ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ አቀረቀሩ። «እንዲህ አጎንብሰሽ ስትደክሚልኝ፣ አልተሰማኝም ልበልሽ?»

ስንት ዓመት ሙሉ ግትር ናቸው እያልኩ አምቻቸዋለሁ። ለካ ሰው እንዳይከፋው ነው።

«እንግዲያው ሲሰማዎት ብቻ ይናገሩ» አለችና እንደገና ጀመረች። ቀኝ እግራቸው ላይ ዝም። ግራው ላይ ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ «እዚች ጋ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ስኳር ያደነዘዘው ነርቭ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እሱን ቃል አልገባም። እግሩን ግን እንጠብቀዋለን፣ ውስጥ እግራቸውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ካለ።»

ቦርጫቸው አያስጎነብሳቸውም። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል።

«እኔ አያለሁ» አልኩ።

ቢሮ ከመግባቴ በፊት እሄዳለሁ። ካልሲውን የማወልቀው ምን አገኝ ይሆን እያልኩ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት «ደህና ነው፣ አትድከም» እያሉ እግራቸውን ከወንበር ሥር ይሸሽጉብኝ ነበር። ትናንት ዘግይቼ ስደርስ ግን ደጃፍ ላይ፣ ካልሲያቸውን አውልቀው፣ ቀኝ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ መንገደኛው ሁሉ እያያቸው ይጠብቁኛል።

«ና ኤርካሎ» አሉኝ። «ደህና አድርገህ እየው። እኔ ምንም አይታወቀኝም።»

ተንበርክኬ፣ ወደ ፀሐዩ አዙሬ፣ ጣት በጣት አየሁላቸው።