የዓሣው ራስ ወደ ዶክተር ቼ የዞረበት ዜና

በዘመነ ሚያኦ ዳይሬክተር፣ በመጨረሻው ዓመተ ሹመታቸው፣ የሐይቁ ዳር የዓሣ ምርምር ተቋም ለኩሬዎቹ አዲስ የአየር መንፊያ በተከለ በዓመቱ፣ በስንብት ግብዣቸው ላይ አንድ ዓሣ በእንፋሎት በስሎ በዝንጅብል ቀረበ። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።

ወእምዝ በእጅ ሲገፉት የሚዞረው ክብ ገበታ ዓሣውን ተሸክሞ ዞረ፤ ራሱም በዶክተር ቼ ቦሁዋይ አንጻር ቆመ። በዚያ አገር ሥርዓት የዓሣው ራስ የዞረበት ሰው ሳይጠጣና ሳይቀምስ ማንም ዓሣውን አይነካም፤ ሚያኦም የወንበራቸውን ወራሽ በዚህ ሊያሳውቁ ነበር። የገበታውን ጠርዝ በትንሽ ጣቱ ማን እንደገፋው አልተጻፈም፤ የቼ ትንሽ ጣት ግን ወጥ ነክቷት ነበር።

ቼ ማን ናቸው ቢሉ፣ የዓሣ ፍርሃት ሊቅ፣ መዛኜ ጉበት፣ መርማሬ ደም፤ «ዓሣ ሲጨነቅ ደሙ ይለወጣል» የሚለውን አንድ ነገር ዕድሜ ልካቸውን በልዩ ልዩ አርእስት የጻፉ። ባለፈው የሙቀት ወራት የኩሬያቸው ዓሦች በሙቀት አለቁ ብለው አወጁ፤ ተቋሙም ራሱን ደፍቶ በዝምታ አዘነላቸው፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱም አዲስ ኩሬ ሰጣቸው። በዚያው ሳምንት በየተመራማሪው ቤት ዓሣ ሲበስል ሰነበተ፤ የተረፈው በሕይወቱ ወደ ምግብ ቤቶች ሄደ፤ የጎረሰ አፍ አይጠይቅምና ማንም አልጠየቀ።

በገበታው ዙሪያ የተሰለፉትም፦ ወንበሩን ለራሷ የምትመኘው መምህርት ኒ ሹፈን፣ የማይክሮስኮፕ ጠባቂዎች፣ የውኃ ለዋጮች አለቃና ጽዋ የማያልፈው ሾፌር።

ሚያኦ የማሽላ አረቄያቸውን አንሥተው አወጁ፦ «ሽማግሌው ቼ፣ አንተኑ ነው የሚያየው! ወንበሬን ወሰድካት በቃ! ጠጣ እንጂ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ!»

ኒም አወጀች፦ «ጋሼ ቼ፣ እስቲ ይቅመሱልን። የኩሬ ነው የሐይቅ? መቼም ሊቅ ነኝ ይላሉ!»

ቼም ቀምሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አወጁ፦ «የሐይቅ ነው! ይሄ ዓሣ የሰው ዘር አይቶ አያውቅም። ፍርሃት የሚባል ሥጋው ውስጥ የለም፤ እኔን ጠይቁኝ!»

ያን ጊዜ ከጥርሳቸው ሥር ቀጭ አለ። ምላሳቸው አወቀቻት፦ በገዛ እጃቸው ከዓሦቻቸው ቆዳ ሥር በመርፌ የቀበሯት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ቁጥር የያዘች የመስታወት መለያ። ቢተፏት ወንበሩ ሄደ፤ ኒ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጣ አፍ አፋቸውን ታያለች። ስለዚህ ጀግናው ጽዋቸውን ጨብጠው፣ ዕንባ ባቀረረ ዓይን፣ በአንድ ትንፋሽ ዋጧት። ጉባኤው አጨበጨበ።

በነጋው ዳይሬክተር ቼ ተብለው አዲሱን ኩሬ ሊመርቁ ወጡ። በኩሬው በርም የሚያልፈውን ዓሣ ሁሉ መለያ የሚያነብ ትልቅ የሽቦ ቀለበት ተተክሎ ነበር። ሪባኑን ሊቆርጡ ጎንበስ ሲሉ ሆዳቸው ቀለበቱን ነካ፤ ሚያኦ ከኋላ ሆነው ያወድሷቸው ነበር፦ «እነሆ አበ ዓሣት! ብርሃነ ማያት! ሐይቅ ቢደርቅ ስሙ የማይደርቅ! ዓሣ ሁሉ በልቡ የሚኖር...»

ቀለበቱ ጢጥ አለ። ሰሌዳውም በአረንጓዴ ጻፈ፦ «ቁጥር 417። ባለፈው ዓመት በሙቀት የሞተ። አሁን ገባ።»

ኒ እንኳ አልሳቀችም፤ ዓሦቹ «አለቁ» በተባለበት ሳምንት እሷም ዓሣ አብስላ ነበርና። ሁሉም እንደ አምናው ራሳቸውን ደፍተው በዝምታ ቆሙ።