የቀሐ ድንጋይና የአያ እድሪስ ማኪና

ዛሬ የሆንሁትን ብነግራችሁ «ይቺን አሮጊት ከቤት አታስወጧት» ትላላችሁ።

ወደ አይከል በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ረዳቱ አንድ ጆንያ ሊጨምር ሲል አየሁት። «ልጄ፣ ማኪና ነፍስ ባይኖራትም ወገብ አላት!» ብዬ ተቆጣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ «እማማ ልክ ናቸው» አለ።

እማማ ልክ ናቸው!

አፌን ያዝሁ። እማማ ማን እንደሆነች እማማ ታውቃለቻ።

ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል። የተሳሳተ ካለ የስልኩ ነው።

ነገሩ የዱሮ ነው፤ ጣልያን መንገዱን ትቶልን ከወጣ በኋላ፣ በጃንሆይ ጊዜ። አያ እድሪስ የሚባሉ የጎንደር ነጋዴ ነበሩ። በቅሎዎቻቸውን ሸጠው፣ ከኋላዋ እንደ ሣጥን የተዘጋች ትንሽ የዕቃ ማኪና ገዙ።

አንድ ጊዜ ጭነት በዝቶባት ባሌስትራዋ ተሰበረ። ባሌስትራ ማለት ከሥር ሆኖ ሸክሙን የሚችለው ድርብርብ ብረት ነው፤ የማኪና ወገብ በሉት። ክረምቱን ሙሉ ቆመች። ቤተ ሰቡም አብሯት ቆመ። «ሁለተኛ ከተሰበረች አለቀልኝ፤ በቅሎዎቹም የሉ» ይሉ ነበር አያ እድሪስ።

ስለዚህ ጫኝ አድርገው እኔን ያዙ።

አህያ እየነዳሁ ገበያ ለገበያ ስዞር ያደግሁ ነኝ። ጭነቱን ብድግ ካደረግሁ ልኩን አውቃለሁ። «የእናኑ እጅ ሚዛን ነው» ይባል ነበር። እናኑ እኔ ነኝ።

አህያ ሸጋ ፍጥረት ናት። ሲበዛባት ጆሮዋን ትጥላለች፤ እንቢ ካልሽ መንገድ ላይ ትተኛብሻለች። ማኪና ግን ዝም ነው። እስክትሰበር ዝም! እኔ ጆሮ ልሁንላት ብዬ ቆረጥሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከዳባት ማዶ ላለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮና ሚስማር ልናደርስ ሆነ። የሣር ክዳኗ አርጅቶ ያፈስሳል፤ ክረምት ደግሞ ደጅ ቆሟል። አያ እድሪስ እስላም ናቸው፤ ቢሆንም «የማርያም ቤትማ አይዘንብባትም» ብለው ተነሡ። ቆርቆሮው ላይ ተቀምጠው የሚሄዱ ምእመናንም መጡ።

እኔ በሩ ላይ ቆምሁ። አቤት ጥብቅነት!

የቄስ አዱኛን ስልቻ አስቀረሁ። የወይዘሮ ጥሩነሽን የቅቤ ቅል አስወረድሁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ጎረቤቴ ናቸው፤ ያሳደጉኝ ያህል ናቸው። ቅላቸውን አቅፈው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ገነት በር ላይም አንቺን ካቆሙሽ ማናችንም አንገባ» አሉኝ።

ኮራሁ እንጂ አላፈርሁም።

ከጎንደር ወጥተን የወገራን ዳገት ስንያያዘው ማኪናዋ ማቃሰት ጀመረች። አያ እድሪስ «እናኑ፣ ልኩን ነው የጫንሽው?» አሉኝ።

«ጥጥ ናት» አልሁ።

ጥጧ ጥቂት ሄደች፣ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት!

ከኋላችን ገደል ነው። አያ እድሪስ ፍሬን ላይ ቆመውበታል፤ አልያዘም። «ድንጋይ! ከጎማዋ ሥር ድንጋይ!» አሉ። ዘልዬ ወረድሁ። ወዲህ ብል ጥቁር ጭቃ፣ ወዲያ ብል ሣር። ጠጠር እንኳ የለም።

ያኔ ቄስ አዱኛ ቀስ ብለው ወረዱ። ከጋቢያቸው ውስጥ ውሃ ያለሰለሰው ድንጋይ አወጡና ከጎማው ሥር አደረጉ።

ምን?

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከመቀነታቸው ሥር አወጡ። ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ከኮቱ። ከዚያ የቀሩት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ።

የቀሐ ድንጋይ ነው፤ ከጎንደሩ ከቀሐ ወንዝ የተለቀመ፣ የጥምቀቱ ውሃ የነካው። ቤተ ክርስቲያኗ ቅጥሯን እየሠራች ስለነበር፣ የተሳለ ሰው ድንጋይ ይዞ ይሄዳል። ለማርያም የተሳሉት ደግሞ ሸክም አይባልማ! ማንም ከጭነት አልቆጠረው።

ማኪናዋ ጋብ አለች። ግን በገደሉ በኩል ያለው ጎማ ትንንሹን ድንጋይ ወደ ጭቃው እያሰመጠ ይንፏቀቃል። አያ እድሪስ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ወርደው ነፍሳቸውን ማዳን ሲችሉ መሪውን አልለቀቁም።

«ከዚህ የሚተልቅ የለም?» አሉ።

እኔ ሣሩ ውስጥ የምፈልግ መሰልሁ።

እንዳለማ አውቃለሁ። ተቀምጬበት ነው የመጣሁት።

ልጄን ኩፍኝ ይዟት ነበር። «ካተረፍሽልኝ በክብደቷ ልክ ድንጋይ አመጣለሁ» ብዬ ተሳልሁ። ዳነች። ቀሐ ወረድሁና እሷን በአንድ እጄ፣ ድንጋይ በአንድ እጄ እያነሣሁ ልኳን መረጥሁ፤ እጄ ሚዛን አይደል? ማንም ሳይመጣ ማኪናዋ ውስጥ አስገብቼ፣ በደበሎ ጠቅልዬ፣ መቀመጫ አስመሰልሁት።

ምን ይደረግ? ገባሁ፣ አቀፍሁት፣ ይዤው ወጣሁ። ሰው ሁሉ እያየ!

ከጎማው ሥር ደነቀርሁት። ማኪናዋ ቀጥ አለች።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ። «የእኔ ቅቤ የዚህን ሲሶ አይሆንም ነበር» አሉ፣ ረጋ ብለው። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አያ እድሪስ ወርደው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ባሌስትራውን በጣታቸው እየዳበሱ ብረት በብረት አዩት።

አልተሰበረም።

መንገድ ዳር ቁጭ አሉና «እናኑ፣ ወገራ ድንጋይ አልቆበት ነው?» አሉኝ።

ሳቁ ገደሉን ሞላው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር፤ ጭቃ ብቻ ሆነብኝ።

ከሩቅ እንጨት አምጥተን ጎማው ሥር ደንቅረን ድንጋዬን አወጣሁና «እኔ ከዚህ ወዲያ አልሳፈርም፤ በእግሬ አደርሰዋለሁ» አልሁ። ቄስ አዱኛ ትንሽ አሰቡ። «እውነትም በማኪና ብናደርሰው ጽድቁ የማን ሊሆን ነው? የማኪናዋ?» አሉ። ይህን ሰምቶ ማን ይሳፈር? ሁሉም የየራሱን አንሥቶ ተከተለ።

ማኪናዋ ቆርቆሮዋን ይዛ እንደ ፍየል ወጣች።

እኔ ድንጋዬን ከቀሐ ባመጣሁበት በልጄ አንቀልባ አዝዬ ዳገቱን ያዝሁ። ላግዝሽ ያለኝን ሁሉ እንቢ አልሁ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ አላወረድሁም። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከኋላዬ «እሹሩሩ በያት እንጂ» እያሉ መከራዬን አሳዩኝ። በማግስቱ ድንጋዩ ቅጥሩ ላይ ገባ፤ ክረምቱም ሳይገባ ቆርቆሮው ተመታ።

ልጄ ዛሬ አያት ናት። ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር «እማዬ፣ እውነት በእኔ ልክ ነበር?» ትለኛለች።

ትንሽ ጨምሬበት ነበር። ታድጋለች ብዬ።

እናማ ልጆቼ፣ የሰው ጭነት ከማስወረዳችሁ በፊት ከተቀመጣችሁበት ተነሡና እዩ። ይኸው ነው ምክሬ።

ወደ ዛሬው ልመለስ። አይከል ስንደርስ ረዳቱ ሊያወርደኝ ቦርሳዬን ብድግ አደረገ፤ ክንዱ ወደ ታች ተጎተተ። «እማማ፣ ምንድን ነው? ድንጋይ ነው?» አለኝ። ያ «ልክ ናቸው» ያለው ሰውዬም ዞሮ አየኝ።

ምን ልበል? አይከል ያለች የልጅ ልጄ በስንት ጭንቅ ተገላግላለች፤ እዚያም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሠራል። ቀሐ ደግሞ ለቤቴ ቅርብ ነው።

«አዎ ልጄ» አልሁት፤ «ግን ሕፃኑ ገና ቀላል ነው።»

እስቲ ኮሜንት ላይ ፍረዱኝ፤ የዛሬው ጽድቅ የእኔ ነው የሚኒባሱ?