የማርያምን ዋዜማ ያወቀው ባዶ ሳጥን

በእኛ በደቡብ ጎንደር በሬ የሚገዛ ሰው ቀንዱንና ሻኛውን አይቶ ብቻ አይገዛም። ጠምዶ ያየዋል፤ ያውም በሻጩ ለስላሳ ማሳ ሳይሆን በራሱ ጭንጫ ላይ። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን ረስቼው ኖሯል። ደብረ ታቦር ቁጭ ብዬ ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ የሠራሁትንም በራሴ ላፕቶፕ ከፍቼ “ይሠራል” እላለሁ። የሻጩ ማሳ ማለት እንግዲህ እሱ ነው።

ብርቱካን ከዓረብ ሀገር ተመልሳ ወንዛዬ ፍል ውኃ አጠገብ ሁለት የእንግዳ ክፍል ከፈተች። ሰው በስልኩ ክፍል የሚይዝበት ገጽ ሠራሁላት። ቀን ሲጠየቅ የቀን መቁጠሪያ ብቅ ይላል፣ እንግዳው ቀኑን ነካ ያደርጋል፣ አለቀ።

“አደራ ወንድም ዓለም፣ የመጀመሪያ እንግዶቼ ናቸው። ከደጄ የተመለሰ ሰው የሚያወራውን አንተም ታውቃለህ” አለችኝ። ደረቴን ነፋሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለኝ ሰው በአቅራቢያው አልነበረም።

በሳምንቱ ደወለች። መሪጌታ ይባቤ የሚባሉ ሽማግሌ በቀኑ ቦታ ላይ ደብዳቤ ጽፈዋል፦ “ለኅዳር ማርያም ዋዜማ እመጣለሁ። ጉልበቴ ማኅሌት አላስቆም ብሎኛል።” ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የስልካቸው ብሮውዘር አሮጌ ስለሆነ የእኔን የቀን መቁጠሪያ አያውቀውም፤ ባያውቀው ጊዜ ባዶ ሳጥን አቀረበላቸው። ማፈሬን አልደብቃችሁም።

በገበያ ቀን አንበሳሜ ወረድኩና ስልክ መለመን ጀመርኩ። እናንተ ስልካችሁን ለማታውቁት ሰው ትሰጣላችሁ? እነሱም አልሰጡኝም። ጥብቅ አድርገው እንደያዙ “በል የቱን ልንካ?” ይሉኛል። መስታወቱ የተሰነጠቀውን፣ በላስቲክ የታሰረውን፣ ሁሉንም አየሁ። ግማሹ የቀን መቁጠሪያውን ያሳያል፣ ግማሹ ባዶ ሳጥን። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ “የታመመው የኔው ነው ወይስ ያንተ?” አለችኝ። የእኔ ነው አልኳት።

ኅዳር ሃያ ቀን፣ የቀን መቁጠሪያው በሁሉም ስልክ እንዲከፈት አስተካክዬ፣ ለብርቱካን ላሳያት ወንዛዬ ሄድኩ። መሪጌታ ዱላቸውን ተደግፈው ከተፍ አሉ፤ አልጋቸው ተነጥፎ ጠበቃቸው። ከኋላቸው ሁለት ሙሽሮች መጡ፤ የያዙት ስልክ አንበሳሜ ካየሁት ሁሉ አዲስ ነው። የቀን መቁጠሪያው ወለል ብሎ ታይቷቸው ሃያን ነክተዋል። ሃያው ግን የፈረንጅ ኖቬምበር ሃያ፣ ማለትም የእኛ ኅዳር አሥራ አንድ ነበር። እኔ መከፈቱን እንጂ የማንን ቀን እንደሚቆጥር መቼ አየሁ? ያን ዕለት ብርቱካን አልጋ አንጥፋ እስኪመሽ ስትጠብቃቸው ውላለች። ዛሬ ሁለተኛውን ክፍል ሌላ ሰው ይዞታል። ዞር ብላ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መሪጌታ ግራ ቀኙን ቃኙና “ሙሽራማ ከደጅ አይመለስም። የክርስትና ልጄ ቤት እዚሁ ጓሮ ነው፤ እኔ እዚያ አድራለሁ” አሉ። ሙሽሪት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ያውም የታመመውን። ብርቱካን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

“በል አንተ፣ ያንን የመሪጌታን ባዶ ሳጥን ለሁሉም አድርግልኝ” አለች።

አደረግሁ። አሁን ገጹ ከአሮጌው እስከ አዲሱ በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ የቀን መቁጠሪያው በየትኛውም አይከፈትም። በሙያዬ እንዲህ የተሟላ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከደጇ የተመለሰ የለም። ትናንት አንዱ “ጤፉ እንደተወቃ እንመጣለን” ብሎ ጻፈ። እኔ መቼ ሊሆን ነው ብዬ ቀን ስቆጥር፣ ብርቱካን አንሶላ ማጠብ ጀምራለች።