የጋሽ ቶሎ መዳፍ

በዓለም ላይ ላለ ሰፈር ሁሉ አንድ ችኩል ሰው ተመድቦለታል። «የእኛ ሰፈር የለውም» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱ፤ እየሮጠ በመምጣት ላይ ነው።

የእኛው፣ ከምንቀመጥበት ካፌ ፊት ለፊት መኪና የሚጠግኑት ክቡር ጋሽ ቶሎ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ለመናገር ጊዜ ኖሯቸው አያውቅም። «ጊዜ የለኝም!» ሰላምታቸውም ስንብታቸውም ነው። ሻይ እንደፈላ ይጠጣሉ፤ ምላሳቸው ጣዕም የሚባል ነገር ከረሳ ቆይቷል። አንድ ጊዜ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቁ ገቡና፣ ሌላ ቀን ከመመላለስ አንዴ ልገላገል ብለው ቤተሰቡን «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ብለው ወጡ። ታማሚው እስከ ዛሬ በጤና አለ፤ እሳቸውን ሲያይ ግን መንገድ ይቀይራል።

ጥድፊያቸው ወደ ጥበብ ከፍ የሚለው እጅ ሲታጠቡ ነው። እስከ ክርናቸው ግሪስ ተለቅልቀው ከሞተር ሥር ይወጣሉ። የጋራዡ በር ላይ ቤንዚን የያዘ ጣሳ አለ፤ ሁለት እጃቸውን ይነክራሉ። አልለቀቀም? አሸዋ። አሸዋው ዘገየ? ዱቄት ሳሙና ከነበረኪናው። ጥፍር ሥር ትንሽ ቀረ? የሽቦ ብሩሽ! ሌላው ሰው ዝገት የሚፍቅበት የሽቦ ብሩሽ። እርግጥ እድፉ ይለቃል፤ ከነቆዳው።

«አየህ? ወዲያው!» ይሉኛል፣ ቲማቲም የመሰለ መዳፋቸውን እያሳዩ።

ሲሰነብት መዳፉ ዝናብ የራቀው ማሳ ሆነ። ግሪሱም ሞኝ አይደለም፤ ስንጥቁ ውስጥ ጎጆ ወጥቶ፣ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ስለዚህ ጋሽ ቶሎ ሰው ሰላም ሲሉ መዳፋቸውን አይሰጡም፤ የእጃቸውን አንጓ ይዘረጋሉ። ይኸው ስንት ዘመን ጎረቤቴ ናቸው፤ እኔ የማውቀው አንጓቸውን ነው።

ታዲያ በቅርቡ ልጃቸው ሴት ልጅ ተገላገለች። አያት ሆኑ! በቤንዚን ተለቃልቀው እንደ ጥይት ተተኮሱ። ሲመለሱ ግን ቀስ እያሉ ነበር። ጋሽ ቶሎ ቀስ ሲሉ ሳይ ደንግጬ ብድግ አልኩ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ከለከለችኝ።»

«ማን?»

«ልጄ ናታ! ሕፃኗን ታቅፌ መልሼ ላስተኛት ብል፣ ሹራቧ መዳፌ ላይ ተሰክቶ አብሮኝ ተነሳ። ጉንጯን ዳሰስ ባደርጋት ቀልቶ ቁጭ! ‹አባዬ፣ እጅህ ሞረድ ሆኗል፤ ቤንዚን ቤንዚንም ይሸታል። እስኪድን አትነካትም› አለችኝ። እኔን! ልጅ እኮ ለእቅፍ የምትሆነው ትንሽ ጊዜ ነው፤ ነገ ሮጣ ታመልጠኛለች። ጊዜ የለኝም!»

ያችን ቃል ስሰማ ስኖር፣ እውነታቸውን መስሎ የተሰማኝ ያን ዕለት ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ቀስታ ይባላሉ፤ ይህንንም ያወጣነው እኛ ነን። ሁለቱ እንዴት እንደተጋቡ አይታወቅም፤ ጋሽ ቶሎ ሲሮጡ እትዬ መንገድ መሐል ቆመው፣ ተጋጭተው ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱን ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

«ስማ አንተ ሰውዬ። ቅባት የሚለቀው በቅባት ነው። እጅህ ደረቅ እንደሆነ የምግብ ዘይት ትቀባለህ፤ ታሻለህ፤ ትጠብቃለህ። በጨርቅ ትጠርግና ለብ ባለ ውሃ በለስላሳ ሳሙና ትታጠባለህ፤ ታደርቅና ቫዝሊን። ቤንዚን የለም፣ በረኪና የለም፣ ብሩሽ የለም። ስትሠራ ጓንት አድርግ። ጓንት የማይመች ሥራ ከሆነ ቀድመህ ጥፍርህን ደረቅ ሳሙና ላይ ቧጥጥ፤ ሥሩን ሳሙና ከያዘው ግሪሱ ምን ቦታ ያገኛል?»

ጋሽ ቶሎ ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ዘይት» የምትለዋን ነው። መጀመሪያ እጃቸውን ውሃ ነክረው፣ በእርጥቡ ላይ ዘይት ደፉበት። ዘይቱ ተንሸራቶ ጫማቸው ላይ ወረደ፤ ጫማቸው እንደዚያ አብርቶ አያውቅም። በማግስቱ በደረቁ ተቀቡ፣ አሹ፣ ጠረጉ፣ ታጠቡ። ጸዳላቸው! ደስ ብሏቸው ሲወጡ ግን እግራቸው እንደ ልማዱ በሩ ጋ ቆመ፤ የታጠበ እጃቸውን ቤንዚኑ ውስጥ ዘፍ! ስንጥቁ ሲቃጠል የጮኹትን ጩኸት ሰምታ፣ ባትሪዋ የሞተ አንዲት መኪና ተነሳች ይባላል።

እትዬ ቀስታ ጣሳውን ከበሩ አስነሱና ባላቸውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ።

«አንተ መቼም ከዚህ ወንበር የምትነሳ ሰው አይደለህም። ዘይቱ እስኪሠራ ድረስ ያዝልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ቶሎ ከሥራ ሲወጡ፣ ዘይት የጠጣ እጃቸውን እንደ ተማረከ ወታደር ወደ ላይ ሰቅለው ከፊቴ ይቀመጣሉ። ስልክ መንካት የለ፣ ብርጭቆ ማንሳት የለ። ጉልበታቸው ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«አሁንስ?»

«ጋሼ፣ ገና መቀመጥዎ ነው እኮ!»

«አንተ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ይሄኔ ጥርስ አብቅላለች!»

ሻያቸውን በማንኪያ የማጠጣቸው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ስለማልቸኩል ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን አንድ ማንኪያ ዋጥ አደረጉና ከንፈራቸውን ልሰው፣ «ይሄ ነገር ስኳር አለው እንዴ?» አሉኝ።

ስንጥቁ እየገጠመ፣ ጥቁሩ መስመር እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ «ዛሬ እሞክራለሁ» ብለው ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ፈተናው የሕፃኗ ሹራብ ነው፤ መዳፋቸው ላይ ሳብ ሲደረግ ከያዘ፣ ወደ ዘይታቸው ይመለሳሉ። እኔ፣ ሰው ቀጥሮኝ ሰዓት አይቼ የማላውቀው፣ መንገድ መንገዱን ሳይ ሻዬ በረደ። ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ። አስተናጋጁን «ደረሱ?» አልኩት። «እኔን ነው የሚጠይቁኝ?» አለ።

ከመንገዱ ማዶ ብቅ አሉ። እየሮጡ!

«አለፍኩ! ክንዴ ላይ ተኛችልኝ! ዳይፐር ግዛ ተብዬ ነው፤ ቶሎ በል፣ እጅህን!»

አንጓ መስሎኝ እጄን ስሰድ፣ ያገኘሁት ሙሉ መዳፍ ነው። ዳር ዳሩ አሁንም ሻከር ይላል፤ ግን ይሞቃል፣ ቫዝሊንም ይሸታል። ያዝኩት። አልለቀቅሁም።

«ልቀቀኝ እንጂ አንተ! ጊዜ የለኝም!»

«ይቆዩ ጋሼ» አልኳቸው፤ «ገና መተዋወቃችን ነው።»