ብዙነህ እና ያልታሰረ መስመር

ልቅ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። በሩን ቆልፎ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ የሚነቀንቀው እሱ ነው። ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ረዳቱ ያሰረውን ዕቃ ወጥቶ ደግሞ የሚያጠብቀውም፣ በሰው ሠርግ የድንኳን ካስማ እየዞረ የሚመረምረውም እሱ ነው። የኛው ብዙነህ ይባላል። መካነ ሰላም ውስጥ በአንዲት ትንሽ የንድፍ ቢሮ ጠረጴዛችንን አጋጥመን የቤት ፕላን እንሠራለን።

የምንሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም መስመሮችን በግዴታ ለማሰር ያስችላል። ይህ ግድግዳ ከዚያኛው እኩል ይሁን፣ ይህ በር ከመሃል አይውጣ፣ ይህ ኮሪደር ከዚህ በታች አይጥበብ ማለት ይቻላል። ከዚያ አንዱን ቁጥር ሲቀይሩ ሌላው ሁሉ ግዴታውን እንደጠበቀ ራሱን ያስተካክላል። የታሰረ መስመር ጥቁር ነው፤ ያልታሰረው ሰማያዊ። እኔን ሰማያዊ አያስጨንቀኝም። ክቡር ብዙነህ ግን በኔ ስክሪን ላይ ሰማያዊ ካየ የግራ እግሩ ጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የኔ ሻይ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ መስመር ከማን ጋር ነው የታሰረው?» ይለኛል።

«ከማንም። ዝም ብሎ ቆሟል።»

«አልቆመም። የሚሄድበትን ቀን እየጠበቀ ነው።»

አንድ ቀን አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ ነጋዴ የሱቃቸውን ፕላን በአንድ ሜትር እንዳሰፋላቸው መጡ። እፊታቸው ቁጥሩን ስቀይር ግድግዳው ሄደ፤ በሩ ግን ቀረና ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ተገተረ። አቶ ቢያድግልኝ ስክሪኑን ብዙ አዩና «እንግዲህ ደንበኛው በየት ሊገባ ነው?» አሉኝ። ብዙነህ ወንበሩን ወደኔ ጎትቶ እስከ ሥራ መውጫ ሰማያዊ መስመሮቼን አንድ በአንድ ሲያስር ዋለ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ጥያቄው ነው። ደንበኛ ሦስት ክፍል ስሩልኝ ብሎ ሲመጣ፣ ብዙነህ ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ፣ አልጋው በየት በኩል እንደሚገባ ይጠይቃል። ሰውየው ፕላን ሊያሠራ መጥቶ ቃሉን ሰጥቶ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ፈይዛ የምትባል ልጅ ከሪያድ በስልክ ሥራ ሰጠችን። ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ከላላ ከተማ ውስጥ ለእናቷ ቤት ልትሠራ ነው። እናቷ እትዬ ዘሊካ እግራቸው ታሞ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። ብዙነህ ሁለት ሳምንት ሠራበት። መሃል ላይ ዋናው በር፣ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ እኩል ክፍሎች፣ እኩል መስኮቶች። አንድም ሰማያዊ መስመር አልነበረበትም። የቤቱን ፊት እያሳየኝ «እየው፣ እንደ ሰው ፊት ነው» አለኝ። እውነትም ያምር ነበር።

መሠረት ሊቆፈር ሲል የፈይዛ ወንድም ሙሐሲን መጣ። ለመንገድ ማስፊያ ከቦታው ወርድ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ተቆርጧል። ብዙነህ አዲሱን ቁጥር ሲያስገባ ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ሁሉንም ስላሰረው አንዱም መጠጋት አልቻለም፤ ፕሮግራሙ አንዱን ግዴታ እንዲለቅ ጠየቀው።

«ኮሪደሩን ቀንሰው» አለ ሙሐሲን። «ሰባ ሴንቲ ለሰው ይበቃል።»

«እናትህስ በምን ይዞራሉ?»

«እኛ አለን አይደል? አንስተን እናዞራታለን።»

ብዙነህ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። እግሩ መንቀጥቀጡን አቆመ፤ ስክሪኑ ሳይስተካከል ሲያቆም ሳየው ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ ሜትሩን ይዞ፣ እኔንም ጎትቶ ከላላ ወረደ።

እትዬ ዘሊካ ቤቱ እስኪሠራ ባረፉበት የዘመድ ግቢ ውስጥ ተቀበሉን። ብዙነህ ወንበሩን እንዲያዞሩለት ለመናቸው። አንዴ ዞሩ፤ ለካ። ደግሞ ዞሩ፤ ደግሞ ለካ። አንድ ሜትር ከአርባ ስምንት።

«ምን ያደርግልሃል ልጄ?» አሉት።

«ቤትዎ ሲያልቅ በልጆችዎ እየታገዙ ይዞሩ እንደሆነ ልጠይቅዎ ነው።»

የወንበሩን ጎማ ያዝ አደረጉ። «ሰው ሲያነሳኝ ደስ አይለኝም። ልጆቼ ደግ ናቸው፤ አልሃምዱሊላህ። ግን ውሃ በጠማኝ ቁጥር ሰው መጥራት ከበደኝ።»

ከተመለስን በኋላ ብዙነህ ሦስት ቀን ተብሰለሰለ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ በረንዳ ላይ ይንጎራደዳል። ሊለቅ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የግራና የቀኙን እኩልነት። እሱ ከተለቀቀ በግራ በኩል ያለው ሳሎን ይጠባል፣ በሩም ከመሃል ይወጣል። ለፈይዛ ደወለላትና ነገራት። ሳሎኑ የእሷ ምኞት ነበር፤ የምትገዛውን ሶፋ ፎቶ ሳይቀር ልካልናለች።

«እናቴ ብቻዋን ትዞራለች?» አለች።

«ይዞራሉ። ለክቻለሁ።»

«በቃ፣ ሳሎኑ ይጥበብ።»

ብዙነህ ያን ግዴታ ሰረዘ። ቀዩ ጠፋ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቱ ያለቀው ዘንድሮ ነው። ሲመረቅ ጠርተውን ሄድን። ብዙነህ በሩ ወደ ግራ የተጠጋውን የቤት ፊት ላለማየት አንገቱን ደፍቶ ገባ። እትዬ ዘሊካ ግን በኮሪደሩ እስከ ጥግ ሄዱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ማንም አልነካቸውም። ደግመው ሄዱ።

«በሩን ወደዚህ ያመጣው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ብዙነህ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ነኝ እትዬ። ቦታው አንሶን ነው።»

«ከአልጋዬ ፊት ለፊት ሆኗል። ጠዋት ሲከፈት ሰው ሲያልፍ አያለሁ፤ እኔም ሰላም እላለሁ። አላህ ያክብርህ።»

በማግስቱ የራሴን ቤት ፕላን ወስጄ እንዲያይልኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አልሳቀም፤ ወረቀት አወጣና መጠየቅ ጀመረ። ባለቤቴ በር የምትከፍተው በየትኛው እጇ ነው አለኝ። አላውቅም ነበር። ሁለት ቀን ሳላስታውቅ ስመለከታት ቆየሁና፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ትዳር በኋላ፣ ግራኝ መሆኗን አወቅሁ።